የመቅኔ እብጠት ተገኝቷል ሲባል፦ ጉልበትና ዳሌን ደረጃ በደረጃ የማዳን ዝርዝር መመሪያ

ጉልበት ወይም ዳሌ ለሳምንታት ያማል፣ ራጅ ይነሣል፣ «አጥንትዎ ደህና ነው» ይባላል፤ ሕመሙ ግን አይለቅም። ቆይቶ ኤምአርአይ ሲነሣ ሪፖርቱ ላይ «ቦን ማሮው ኢዲማ»፣ ማለትም የመቅኔ እብጠት፣ የሚል ሐረግ ይወጣል። ይህን ያነበበ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ወደ አንዱ ያዘነብላል፤ ወይ ካንሰር መስሎት እንቅልፍ ያጣል፣ ወይ «እብጠት ብቻ ከሆነማ ይታሻል» ብሎ እየረገጠበት ይውላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የበለጠ ይጎዳል።

የመቅኔ እብጠት በራሱ የበሽታ ስም አይደለም፤ አጥንቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደደረሰ የሚናገር ምልክት ነው። ስለዚህ ሕክምናው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቃል፣ ቀጥሎ ጫናው ይቀነሳል፣ አጥንቱ የሚጠገንበት ነገር ይሟላለታል፣ ጡንቻ ማጠንከሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ለምሳሌ ምክንያቱ ሳይለይ ስፖርት ሲጀመር፣ በጥቂት ወራት የሚያልፍ ጉዳት ዓመት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ወደ ለየለት ስብራት ይሄዳል።

አጥንቱ ውስጥ የሆነው ምንድን ነው?

የጉልበትና የዳሌ አጥንቶች ጫፍ በልምአጥንት፣ ማለትም በለስላሳው የመገጣጠሚያ ሽፋን፣ የተሸፈነ ነው። ከልምአጥንቱ ሥር ስስና ጠንካራ የአጥንት ንጣፍ አለ፤ ከእሱ በታች ያለው አጥንት ድፍን አይደለም፣ እንደ እንጀራ ዓይን የበዛበት ነው። መቅኔው የሚቀመጠው በነዚያ ዓይኖች ውስጥ ነው። በዓይኖቹ መካከል ያሉት ስስ ግድግዳዎች ሲሰነጠቁ፣ ደም ሥር ሲዘጋ፣ ኢንፌክሽን ሲገባ ወይም ብግነት ሲነሣ ክፍተቱ ውስጥ ፈሳሽና ደም ይጠራቀማል፤ የአጥንቱም ውስጣዊ ግፊት ይጨምራል። ልምአጥንት የሕመም ነርቭ የለውም። ከሥሩ ያለው አጥንት ግን አለው፤ ሲረግጡ የሚወጋውና ማታ የሚጠዘጥዘው እሱ ነው።

ራጅ የሚያሳየው የአጥንቱን ጠጣር ክፍል እንጂ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ አይደለም። ኤምአርአይ ላይ ግን የስብን ድምቀት በሚያጠፉት የምስል ዓይነቶች፣ ማለትም «ስቲር» ወይም «ፋት ሳት» በሚባሉት፣ ቦታው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ «ቲ1» በሚባለው ላይ ደግሞ ይጠቁራል። ስያሜው በሕክምና ጽሑፎች የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በዕድሜ በሚመጣ የመገጣጠሚያ መበላት ላይ የተወሰዱ የአጥንት ናሙናዎች ሲመረመሩ የተገኘው በአብዛኛው ጠባሳ፣ ጥቃቅን ስንጥቅና የሞተ አጥንት ነበር፤ እውነተኛው ፈሳሽ ትንሽ ነው። በዚህ ምክንያት ሽንት የሚያበዛ ክኒን ይህን እብጠት አያወርደውም፣ ማሸት አይደርስበትም፣ በረዶም ቢሆን የሚያቀዘቅዘው ከላይ ያለውን ሥጋ ነው። ከውጭ ምንም ያበጠ ነገር ሳይታይ አጥንቱ ውስጥ ሰፊ እብጠት ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 1፦ ሪፖርቱን መፍታት

ሪፖርቱ ላይ «ኢዲማ» ከሚለው ቃል ይልቅ አጠገቡ የተጻፈው ቃል ይበልጣል። በብዛት የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦

- «ኮንቱዥን»፦ ከመውደቅ፣ ከግጭት ወይም እግር ከመጠምዘዝ በኋላ የመጣ የአጥንት ሰንበር። እግር ኳስ ተጫዋች ላይ ሲገኝ «ኤሲኤል» የሚባለው የጉልበት ጅማት መበጠስ አለመበጠሱ አብሮ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ወር ይወስዳል፤ የሚቆይም አለ።
- «ስትሬስ ፍራክቸር»፦ ከተደጋጋሚ ጫና የመጣ ስንጥቅ። ሯጮች፣ ምልምል ወታደሮች፣ በድንገት ብዙ መራመድ የጀመሩ ሰዎች።
- «ሰብኮንድራል ኢንሰፊሸንሲ ፍራክቸር»፦ ከልምአጥንቱ ሥር ያለው የሳሳ አጥንት በተራ ርምጃ ሲሰነጠቅ። ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜ የሜኒስከስ (በጉልበት ውስጥ እንደ ትራስ የሚያገለግለው ልምአጥንት) መቀደድ አብሮት አለ።
- «ኦስቲኦኔክሮሲስ» ወይም «አቫስኩላር ኔክሮሲስ»፦ ደም ሳይደርሰው የሞተ አጥንት። ዳሌ ላይ ይበዛል። ስቴሮይድ (እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት) በብዛት መውሰድ፣ የአልኮል ብዛትና ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ዋና ዋና መንሥኤዎቹ ናቸው።
- «ትራንዚየንት ኦስቲኦፖሮሲስ»፦ በእርግዝና የመጨረሻ ሦስት ወራት ያሉ ሴቶችንና መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶችን ዳሌ የሚይዝ ጊዜያዊ መሳሳት። ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይድናል፤ እስኪድን ግን አጥንቱ ለስብራት ቅርብ ነው።
- «ኦስቲኦአርትራይተስ»፦ በዕድሜ፣ በክብደት ወይም በቀድሞ ጉዳት የመጣ መበላት።
- «ሳክሮኢላይቲስ»፦ አከርካሪና ዳሌ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ብግነት። ወጣት ሰው፣ ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ የሚቆይ መገተር፣ ሲንቀሳቀሱ የሚሻለው ሲያርፉ የሚብሰው የወገብ ሕመም ይህን ያስጠረጥራል።
- «ኦስቲኦማየላይቲስ»፣ «ኢንፊልትሬሽን»፣ «ኒዮፕላዝም»፦ የመጀመሪያው የአጥንት ኢንፌክሽን ነው፤ ሌሎቹ ዕጢ አለመኖሩ እንዲጣራ የሚጠይቁ ቃላት ናቸው። እነዚህ ካሉ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም።

ለሐኪሙ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ የስንጥቅ መስመር ይታያል ወይ? ከልምአጥንቱ ሥር ያለው ንጣፍ ተደፍቋል ወይ? ቦታው ክብደት የሚያርፍበት ነው ወይ? ለሦስቱም መልሱ «አይደለም» ከሆነ ጊዜና ጥንቃቄ ብዙውን ይጨርሳሉ። አንዱ «አዎ» ከሆነ ክራንች ሊታዘዝ ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜም ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። የዳሌ አንገት (የጭን አጥንት ከራሱ ሥር የሚቀጥንበት ቦታ) ላይ፣ በተለይ በላይኛው በኩል፣ የወጣ ስንጥቅ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ተንሸራቶ ሙሉ በሙሉ ከተሰበረ የዳሌው ራስ ደም ያጣል።

ደረጃ 2፦ ሳይዘገዩ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከሞቀና ካበጠ መገጣጠሚያ ጋር ከመጣ ያንኑ ዕለት መታየት ያስፈልጋል፤ መግል የያዘ መገጣጠሚያ በቀናት ውስጥ ልምአጥንቱን ያጠፋል። ሕፃን ልጅ ትኩሳት ይዞት ካነከሰ ወይም አልረግጥም ካለ ነገሩ እንደዚሁ ነው። ብሽሽት ላይ የሚሰማ ሕመም ኖሮ መርገጥ ካቃተ ምስሉ ተነሥቶ እስኪነበብ ድረስ በዚያ እግር መቆም አይገባም። ዕረፍት የማያስታግሰው የሌሊት ሕመም ያለ ምክንያት ከመክሳት ጋር ከሆነም አይቆይም።

በአገራችን ሁኔታ ሁለት በሽታዎች ሊዘነጉ አይገባም። የወገብ ወይም የጀርባ ሕመም ከሌሊት ላብ፣ ከመክሳትና ከእግር መዛል ጋር ሲመጣ የአከርካሪ ቲቢ መታሰብ አለበት። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያረባ ሰው ደግሞ ለብሩሴሎሲስ ይመርመር፤ ይህ በሽታ የዳሌና የወገብ መገጣጠሚያዎችን ይወዳል። ሁለቱም በኤምአርአይ ላይ የመቅኔ እብጠት ሆነው ይታያሉ፣ ሁለቱም በመድኃኒት ይድናሉ፣ ሁለቱም «ቁርጥማት ነው» ተብለው ለወራት ይታለፋሉ።

ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቀልቶ፣ ሞቆና አብጦ ብዙም ሳያመው ሲቀር «አላመመኝም» ብሎ መራመድ የለበትም። ነርቩ ስለደነዘዘ ነው የማያመው፤ አጥንቱ እየደቀቀ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ ምርመራውን ማሟላት

ሐኪሙ እንደ ሁኔታው የሚያዛቸው የደም ምርመራዎች ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ብግነትን የሚያሳዩት ኢኤስአርና ሲአርፒ፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ የኩላሊት ሥራን የሚያሳየው ክሬያቲኒን፣ ስኳርና ዩሪክ አሲድ ናቸው። ኤምአርአዩ ገና ካልተነሣ «ስቲር» ወይም ስብ የሚያጠፋው ምስል መካተቱን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ያለ እሱ እብጠቱ ሊታለፍ ይችላል። ምርመራው ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ፣ በሰውነት ውስጥ የተቀበረ ብረት ወይም ጥይት ፍንጣሪ ያለበት ሰው ከመግባቱ በፊት መናገር አለበት። በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ የሚጨመረው ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ ሲጠረጠር ነው። ሲወጡ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ወይም ፊልሙን ይቀበሉ። የአጥንት ሐኪሙ ምስሉን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል፤ ከወራት በኋላም ማነጻጸሪያ የሚሆነው እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ጫናውን መቀነስ

ከመድኃኒቱ ሁሉ በላይ የሚሠራው ይህ ነው፣ በብዛት የሚታለፈውም ይኸው ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳ በየርምጃው ከተረገጠ አይጠገንም። ኮንቱዥን ላይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት፣ በስትሬስ ፍራክቸርና በሰብኮንድራል ስንጥቅ ላይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት የተለመደ ነው፤ ዳሌ ከሆነ ከዚህም ሊረዝም ይችላል። የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የክራንች አለካክ እንዲህ ነው። ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ። የክራንቹን ጫፍ ከትንሿ የእግር ጣት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎንና ወደ ፊት ያኑሩት። የላይኛው ትራስ ከብብት 2 ወይም 3 ጣት ዝቅ ማለት አለበት። መያዣው እጅ ተንጠልጥሎ ሳለ የእጅ አንጓ መስመር ላይ ይምጣ፤ ሲጨብጡት ክርን በትንሹ፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ፣ ይታጠፋል። ክብደት የሚያርፈው መዳፍ ላይ ነው። ብብት ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ በዚያ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል፤ እጅ መደንዘዝና አንጓ መዝለፍለፍ ከጀመረ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሲራመዱ ሁለቱ ክራንችና የታመመው እግር አብረው ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ከዚያ ጤነኛው ይከተላል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ክራንቹና የታመመው እግር ይቀድማሉ። ይህ የሚምታታባቸው ሰዎች ናቸው ደረጃ ላይ የሚወድቁት።

«20 ኪሎ ብቻ ይርገጡ» ሲባል መጠኑን በግምት ማወቅ አይቻልም። የሰውነት ሚዛን መሬት ላይ ያስቀምጡ፣ አጠገቡ ቁመቱ ከሚዛኑ የሚተካከል ጣውላ ያድርጉ። ጤነኛው እግር ጣውላው ላይ፣ የታመመው ሚዛኑ ላይ ሆኖ በክራንቹ ተደግፈው 20 እስኪል ይጫኑ። ስሜቱን እስኪለምዱት ደጋግመው፣ ለጥቂት ቀናት ጠዋት ጠዋት ይሞክሩት። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ላይ የታዘዘለትን እጥፍ እንደሚረግጥ የሚያውቀው ያኔ ነው።

ከክራንች ወደ ምርኩዝ ሲሸጋገሩ ምርኩዙ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ቀኝ ጉልበት ከታመመ በግራ እጅ። በታመመው በኩል መያዝ ሰውነትን ወደ ጉዳቱ ያዘነብላል። ቁመቱ እዚህም የእጅ አንጓ መስመር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ለረጅም ቅዳሴ መደገፊያ እንጂ በቁመቱ ለመራመጃ አይሆንም። የጫፉ ጎማ ሲላላ ወይም ሲሳሳ ወዲያው ይለወጥ።

ወጌሻ ዘንድ መሄድ ለብዙዎቻችን የመጀመሪያ መፍትሔ ነው፤ ለወለምታና ለውልቃት እጃቸው የተባረከ ሰዎችም አሉ። የተሰነጠቀ ወይም የሳሳ አጥንት ግን አይታሽም፣ አይጎተትም። ከውጭ ወለምታ የሚመስለው የዳሌ አንገት ስንጥቅ በአንድ ጠንካራ ጉተታ ሊሰበር ይችላል። ጥብቅ ማሰሪያም ደም ይከለክላል፤ ከማሰሪያው በታች ያሉት ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ወዲያው ይፈታ።

ደረጃ 5፦ ሕመሙን ያለ ጉዳት ማስታገስ

ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ከሆነ 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ፣ ጉበቱ የታመመ ወይም አልኮል የሚያዘወትር ሰው መጠኑ ማነስ ስላለበት አስቀድሞ ይጠይቅ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በቀን እስከ 3 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለአጭር ጊዜ ይወሰዳል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፤ አብሮ መውሰድ ማስታገሱን አይጨምርም፣ የጨጓራ መድማትን ይጨምራል።

በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ውሎ አይቡፕሮፌን መዋጥ ጨጓራ ያቆስላል። ጠዋት ፓራሲታሞል፣ ከምግብ በኋላ አይቡፕሮፌን ቢሆን ይሻላል። የጨጓራ ቁስለት የነበረበት፣ ኩላሊቱ የተጎዳ ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰውና ከ20 ሳምንት በላይ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ይህን ቤተሰብ አይጠቀሙ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው በላዩ ዳይክሎፌናክ ሲጨምር ሦስቱ ተደምረው ኩላሊትን በድንገት ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ይህ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ሳይጠየቅ የሚያልፍ አደጋ ነው። የዳይክሎፌናክ ቅባት ለጉልበት ጥሩ አማራጭ ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ነው። ዳሌ ጥልቅ ስለሆነ ቅባቱ አይደርስበትም።

ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለመገጣጠሚያ ሕመም መወሰድ የለባቸውም። በሁለት ቀን ሕመሙን ስለሚያጠፉ ሰው ይወዳቸዋል። እየተደጋገሙ ሲወሰዱ ግን አጥንት ያሳሳሉ፣ የዳሌን አጥንት ራስ ደም ያሳጣሉ። ጉልበት ውስጥ የሚወጋው ስቴሮይድም የስንጥቅ ወይም የኦስቲኦኔክሮሲስ ምልክት ባለበት አይመከርም፤ ሕመሙ ጠፍቶ ሰውየው ሲረግጥበት አጥንቱ ይደፈቃል። በሐኪም ታዝዞ ለሌላ በሽታ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ግን በራሱ አያቁም፤ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል።

እንደ ዞሌድሮኒክ አሲድ ያሉ የአጥንት መርፌዎች በአንዳንድ ሰው ላይ ሕመሙን ያሳጥራሉ። ለተራ የጉልበት መበላት ግን ለሁለት ዓመት ሰዎችን በተከታተለ ጥናት መድኃኒት ከሌለበት መርፌ የተሻለ ውጤት አላሳዩም። ከመወጋት በፊት ኩላሊት፣ ቫይታሚን ዲና ጥርስ መታየት አለባቸው፤ ልጅ ለመውለድ ለምታስብ ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሰጡም።

ደረጃ 6፦ አጥንቱ የሚጠገንበትን ማሟላት

አገራችን ፀሐይ ባያጣትም ቀኑን ሙሉ ቢሮ የሚውል፣ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ የሚወጣ፣ በገልፍ አገሮች ከቤት ሳይወጣ የሚሠራ ወይም በአውሮፓ ክረምት የሚኖር ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ቫይታሚን ዲ ሊያጥረው ይችላል። በመስኮት መስታወት የሚገባው ፀሐይ ለዚህ አይጠቅምም። የደም መጠኑ ከ20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ እጥረት ነው። የተለመደው ሕክምና 50,000 ዩኒት በሳምንት አንድ ጊዜ ለ8 ሳምንት፣ ከዚያ በየቀኑ ከ800 እስከ 2,000 ዩኒት ነው። የሳምንቱን ክኒን በየቀኑ መዋጥ ካልሲየም በደም ውስጥ እንዲበዛና ኩላሊት እንዲጎዳ ያደርጋል፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ደግሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ካልሲየም ለአዋቂ በቀን 1,000፣ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት 1,200 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል አለው። ጤፍ ከብዙ እህል በካልሲየም ይበልጣል፤ ሊጡ መቡካቱም ማዕድኑ በተሻለ እንዲመጠጥ ይረዳል። በጾም ጎመን፣ ሰሊጥና ባቄላ ይታከሉ። ክኒን ካስፈለገ በአንድ ጊዜ ከ500 ወይም 600 ሚሊ ግራም በላይ አይጠቅምም። ከደም ማነስ መድኃኒት ከአይረን ጋር አብሮ አይዋጥ፤ ከእንቅርት መድኃኒት ደግሞ 4 ሰዓት ይራቅ።

ፕሮቲንም ያለ ምክንያት ይረሳል። ለሚድን አጥንት በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይበጃል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። 200 ግራም ያህል የተቀቀለ ምስር 18 ግራም፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። በጾም ወራት ሽሮው ውኃ ውኃ ሲል ፕሮቲኑም ይቀጥናል፤ ወፈር አድርጎ መሥራት፣ ምስርና ሽምብራ መጨመር ይጠቅማል። የቅልጥም ሾርባ ለመቅኔ እብጠት የተለየ መድኃኒት አይደለም፤ ከወደዱት እንደ ምግብ ይጠጡት። ማጨስ የአጥንትን ጥገና ያዘገያል፤ ቢያንስ በዚህ ወቅት መቆም አለበት።

ክብደት በዝቶ ከሆነ መቀነሱ የሚሰጠው ጥቅም ከሚጠበቀው ይበልጣል። አንድ ኪሎ ሲቀንስ በየርምጃው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል።

ደረጃ 7፦ ጡንቻውን መመለስ

ጡንቻ ሲደክም ጫናው በሙሉ አጥንቱ ላይ ይወድቃል። መለኪያው ሕመሙ ነው። ከ0 እስከ 10 ሲመዘን በእንቅስቃሴው ጊዜ እስከ 3 ድረስ ይፈቀዳል። በማግስቱ ጠዋት ከበፊቱ የባሰ ከሆነ መጠኑ በግማሽ ይቀነስ።

ክራንች ላይ ባሉበት ጊዜ፦ ከጉልበት ሥር ፎጣ ጠቅልለው ያስቀምጡና የጭን ጡንቻን አጥብቀው ፎጣውን ወደ ታች ይጫኑ። 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች በየሰዓቱ 20 ጊዜ ማንቀሳቀስ የደም መርጋትን ለመከላከል ይረዳል፤ አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወዲያው ሆስፒታል ነው። ጉዳቱ ጉልበት ከሆነ እግርን ቀጥ አድርጎ 30 ሴንቲ ሜትር ማንሣት ይጨመራል። ጉዳቱ ዳሌ ከሆነ ይህን አያድርጉ፤ ተኝቶ የተዘረጋ እግር ማንሣት ቀላል ቢመስልም በዳሌ መገጣጠሚያ ላይ ከባድ ግፊት ይፈጥራል።

ሐኪሙ ሙሉ መርገጥ ከፈቀደ በኋላ፦ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሣት፣ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ማንሣት፣ ከፍ ካለ ወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ። እያንዳንዱ 10 ጊዜ፣ 2 ወይም 3 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን። የቆመ ሳይክል ካለ ኮርቻው ከፍ ተደርጎ፣ ማክበጃው ላልቶ ከ10 ደቂቃ ይጀመራል።

መራመድ በደልዳላ መንገድ በ10 ደቂቃ ይጀመርና ሕመም ከሌለ በየ3 ወይም 4 ቀኑ 5 ደቂቃ ይጨመራል። ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ ጉልበትን ይጫናል፤ የእንጦጦ ቁልቁለትና በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ሽቅብ ቁልቁል ማለት የሚመጡት በመጨረሻ ነው። ሯጭ የሆነ ሰው 45 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ያለ ሕመም ለሁለት ሳምንት ከተራመደ በኋላ 4 ደቂቃ ርምጃ 1 ደቂቃ ሶምሶማ እያፈራረቀ ይጀምር፤ የሚሻለው ለስላሳ የአፈር መንገድ ነው። የወር አበባዋ ለ3 ወር የተቋረጠባት ሯጭ ስንጥቅ ከወጣባት ጉዳዩ የጫማ ወይም የመንገድ ብቻ አይደለም፤ ከምታቃጥለው ያነሰ እየበላች ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይስተካከል ስንጥቁ ሌላ ቦታ ይወጣል።

ደረጃ 8፦ ቤት፣ ሥራና ጸሎት

ጉልበት ከ90 ዲግሪ በላይ ታጥፎ ክብደት ሲሸከም በጉልበት ሎሚውና በጭን አጥንት መካከል ያለው ግፊት ይበዛል። ለቡና ማፍላት የሚሆን ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ለሰዓታት መቀመጥ፣ ቁጢጥ ብሎ ልብስ ማጠብና የቁጢጥ መጸዳጃ ሕመሙን የሚመልሱት በዚህ ነው። ረከቦቱን ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ በወንበር መቀመጥ፣ መጸዳጃው ላይ ተንቀሳቃሽ ወንበር ማድረግ፣ ልብሱን ቆሞ ማጠብ ይቻላል። በሰሙነ ሕማማት የሚበዛው ስግደት ለታመመ ጉልበት ከባድ ነው፤ የንስሐ አባትን ጠይቆ ወደ መጎንበስ መለወጥ ይቻላል። ሙስሊም ታማሚም በወንበር ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደለት ነው።

በመጋዘን፣ በጽዳት ወይም በሆቴል ቆሞ የሚሠራ ሰው ከሐኪሙ የሚጽፍለትን ወረቀት በቁጥር ያስጽፍ፤ «ቀላል ሥራ» ከሚል ይልቅ «በአንድ ጊዜ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቁም፣ ከ5 ኪሎ በላይ አያንሣ» የሚለውን አሠሪ ይረዳዋል።

ደረጃ 9፦ ክትትል

ሕመሙ ከምስሉ ቀድሞ ይሻላል። እየተሻለው ያለ ሰው ቢያንስ እስከ 3 ወር ድረስ ኤምአርአይ መድገም አያስፈልገውም፤ ነጩ ቦታ ገና እንዳለ አይቶ መደንገጥና ገንዘብ ማውጣት ይሆንበታል። ጫና ቀንሶም ከ6 ሳምንት በኋላ ምንም ካልተሻለ፣ ወይም እየባሰ ከሄደ ግን ምስሉ ቶሎ ይደገማል፤ መጀመሪያ ኮንቱዥን የመሰለው ኦስቲኦኔክሮሲስ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ለቀጠሮው የቀድሞውን ሲዲ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ትእዛዝ የተገዛውንም ጭምር፣ ይዘው ይሂዱ።

ከተሻለ በኋላ ሕመሙ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። ያለ ሕመም ወደሠሩበት የመጨረሻ መጠን ይመለሱ፣ ሁለት ሳምንት እዚያው ይቆዩ፣ ከዚያ ጭማሪውን በግማሽ ፍጥነት ይቀጥሉ። በዚህም ካልተሻለ፣ ወይም ሕመሙ በዕረፍትና በሌሊት ከመጣ፣ ክራንቹን አውጥተው ሐኪሙ ጋ ይደውሉ።